ድምፅ ያለው ስልክ

ጥር 6

ስልኬ ኮላ ባልዲ ውስጥ ገባ።

የቁም ሣጥን ጀርባ እየመታሁ ነበር። ጎንበስ ስል ከደረት ኪሴ ሹልክ አለና... ቡልቅ። እጄን ሰድጄ አወጣሁት፣ ጠረግኩት፣ ምን ዋጋ አለው። ቁልፎቹ ተጣብቀው አንድ ቁራጭ ሆነዋል። አንዱን ስትጫን ሁሉም አብረው ይሰምጣሉ።

ስፖንጅ ሳቀ። ሶፋ የሚያለብሰው ባልደረባዬ ነው፤ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምንሠራው፣ እኔ እንጨቱን፣ እሱ ጨርቁንና ስፖንጁን። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራው ሰው የለም። «በቃ ለሶፋ እግር እናድርገው» አለ።

አልሳቅኩም።

ለነገሩ ድሮም ሞቶ ነበር። ካምና ጀምሮ ድምፁ አልቋል። ሰው ሲደውል ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ ነው የሚመስለኝ። የዛሬ ዕቃ እንዲህ ነው፣ ገና ሳትለምደው ይሞታል። የእጅ መላጊያዬን ከአባቴ ነው የወረስኩት፤ እስካሁን ይልጋል።

ነገ ሌላ እገዛለሁ። ቀላል ነገር። የሚጮህ፣ የሚያናግር፣ በቃ። ከማን ጋር ነው የማወራው? ከሴት ልጄ፣ ከወንድ ልጄ፣ ከእህቴ፣ ከደንበኛ። ይኼን ለመግዛት ምን አለ?

ጥር 7

ምን አለ ብዬ ነበር። ጉድ አለ እንጂ።

ከባንኩ ጎን ያለው ስልክ መሸጫ ሄድኩ። መስታወት በመስታወት። ሻጯ ወጣት ናት፣ ጥፍሯ ረጅም፣ ድምፅዋ... ድምፅ የላትም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ነገር የለም። የዘንድሮ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ፊቷ ድረስ መጠጋት ነበረብኝ።

«ቀለል ያለ ስልክ» አልኳት።

ትሪ የሚያክል ነገር አወጣች።

«የዚህ ካሜራው በጣም አሪፍ ነው፣ አባቴ።»

«ፎቶ ቤት ልከፍት አይደለም። ሰው ልጠራበት ነው።»

«ኢንተርኔት አይጠቀሙም?»

«አልጠቀምም።»

«ቪዲዮስ?»

«አላይም።»

«ታዲያ ስልኩን ለምን ፈለጉት?»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ስልክ ለምን ይፈለጋል! ለመደወል! እንዲህ ብዬ ስነግራት የገረማት እሷ።

ከመሳቢያ ሥር ፈልጋ አንድ ባለ ቁልፍ አመጣች። ቁጥሩ የሕፃን መማሪያ ይመስላል፣ ጀርባው ላይ ቀይ ቁልፍ ተለጥፎበታል። «ይኼ ምንድነው?» ስላት፣ «ድንገት ቢወድቁ ይጫኑታል፣ ለልጆችዎ ይደውላል» አለች። ብወድቅ! ጣሪያ ላይ ወጥቼ ማገር የምመታ ሰውዬ! መለስኩላት። ትንሽ ጥቁር፣ ተራ ባለ ቁልፍ መረጥኩ።

ቀፎው አለቀ ስል ጥቅል መጣ። የቀን ጥቅል፣ የሳምንት ጥቅል፣ የወር ጥቅል፣ የሌሊት ጥቅል፣ ደቂቃ ከኢንተርኔት ጋር፣ ኢንተርኔት ከደቂቃ ጋር...

«በሳምንት አራት አምስቴ ነው የምደውለው። የሱን ያህል ስጪኝ።»

«እንደሱ ዓይነት የለንም አባቴ። የወሩ ይሻልዎታል፣ ኢንተርኔቱም አብሮት ነው።»

ኢንተርኔቱን ምን ላድርገው? ሰጋቱራው ላይ ላርከፍክፈው? ወሰድኩ። ደክሞኝ ነው እንጂ ፈቅጄ አይደለም።

ጥር 9

አዲሱም ያው ነው!

ልጄ ደወለች፣ ትልቋ፣ አስተማሪዋ። አፏ ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሳ የምታወራ ይመስላል።

«ምን አልሽ?»

...

«ምን?»

«አባዬ፣ ለምን ትጮህብኛለህ?»

ይኼን ብቻ ሰማሁ። እሷ እየተልጎመጎመች ጯሂው እኔ ሆንኩ።

እናታቸው በሕይወት እያለች ስልክ የምታነሳው እሷ ነበረች። ታወራ፣ ታወራ፣ መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞር ብላ «ልጅህ ሰላም ብላሃለች» ትለኛለች። በቃ። ከዚያ የተሻለ ጥቅል አላየሁም።

ጥር 12

ይኼን ሳልጽፍ አልተኛም።

እህቴ ደወለች። ያለችኝ አንድ እህት፣ ታናሼ። የወላጆቻችን ቤት ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት፣ ሌላ ከተማ፣ የግማሽ ቀን መንገድ። አባባ የሠራው ትልቁ ጠረጴዛ እሷ ጋ ነው ያለው። አባባም አናጢ ነበር፤ እጄን ይዞ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያ ጠረጴዛ አንድ ሚስማር የለበትም። እንጨት በእንጨት ነው የተያዘው። ልጅ ሆኜ ሥሩ ተቀምጬ መጋጠሚያውን በጣቴ እየዳሰስኩ እንዴት እንደገባ ስፈልግ እውል ነበር።

መጀመሪያ ስለ ጎረቤቷ አወራችኝ መሰለኝ። ጎረቤቷ አስቸግሯት ደረጃ መውጣት አቅቷታል... የማይገናኝ ወሬ። እሺ እሺ አልኳት። ከዚያ፦

«የአባባን ጠረጴዛ ልሸጠው ነው።»

«ምን?»

«ጠረጴዛውን! ልሸጠው ነው!»

እሳት ለበስኩ። ምን ቆርጧት! ማንን ጠይቃ? የአባባን እጅ ነው የምትሸጪው አልኳት። አንቺ ስታገቢ ለእንግዳ የተዘረጋው እሱ ነበር፣ ረሳሽው አልኳት። የሆነ ነገር ትላለች፣ ትንጫጫለች፣ እኔ ግን መስማት አልፈለግኩም። መጨረሻ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» ብዬ ዘጋሁት።

መልሳ ደወለች። ዘጋሁት። መልሳ ደወለች። ስልኩን ጭራሽ አጠፋሁት።

እንጀራዬን ትቼ ቆሜ ነው የዋልኩት። አንዲት ጣውላ አልቆረጥኩም።

ጥር 13

ልጄ ደወለች። «አክስቴ እያለቀሰች...» የሚል ነገር ሰማሁ። ታልቅሳ! የሷ ጠበቃ መሆንሽን ተይና ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ወንድሟም ሁለቴ ሞከረኝ፣ አላነሳሁም። እሱ ገና የራሱን ቤት ሊገባ ነው፣ የሚያገባት ልጅ አለች፣ ምን ነገር ውስጥ ይገባል?

ምሳ ላይ ስፖንጅ፣ «እስቲ ረጋ በልና ደግመህ ጠይቃት» አለኝ።

ደግሜ? ሁለት ጊዜ ነገረችኝ እኮ! በገዛ ጆሮዬ!

ጥር 16

ስልኩን መለስኩት። «ድምፅ የለውም» አልኩ። ሻጯ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «ይሰማል አባቴ።» «ለኔ አይሰማም።» «ግን ይሰማል።» ነገር ፍለጋ! ከረባት ያሰረ ኃላፊዋ ከውስጥ መጣና ሊገላገለኝ ፈልጎ ባለ ስክሪን ቀየረልኝ። «ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል» አለ። ጥቅሉም አደገ። ለምን አደገ? ለዚህ ቀፎ የሚሆነው ይኼኛው ጥቅል ነው አለኝ። ቀፎ ቀለብ ይመርጣል እንዴ?

ሥራ ቤት ገብቼ ልደውል ስል ጣቴ አይሠራም። አርባ ዓመት እንጨት የላገ ጣት ነው፤ ቆዳው የጫማ ሶል ሆኗል። መስታወቱ ጣቴን አያውቀውም። እጫናለሁ፣ ዝም። ልሼ እጫናለሁ፣ ዝም። በንዴት በአፍንጫዬ ሞከርኩ... በአፍንጫዬ ሠራ! በስድሳ ዓመቴ በአፍንጫዬ ስልክ ልደውል! ስፖንጅ ያልተሰፋ ሶፋ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

ደግሞ መልእክት ይልኩልኛል። «ውድ ደንበኛችን፣ ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው።» ምን ነክቼ? ኪሴ ውስጥ ተቀምጦ ነው የዋለው! ለካ ራሱ ኢንተርኔቱን ይበላዋል። እኔ ሥራ ላይ፣ እሱ ምሳ ላይ።

ጥር 19

ዛሬስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አንዲት ፋርማሲ ያዘዘችኝ መደርደሪያ ነው ጉዱ። ባለቤቷ ልኬቱን የነገረችኝ በስልክ ነው። ጥልቀቱ ሃምሳ። ሃምሳ ነው ያለችኝ፣ ጣውላው ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ። ቆረጥኩ፣ ላግኩ፣ ቀባሁ፣ ጫንኩና ወሰድኩ። ሳጥኖቹን ስትደረድር ሁሉም አፍንጫቸው ወጥቶ ቀረ።

«ስልሳ ነበር እኮ ያልኩዎት!»

«ሃምሳ ነው ያሉኝ።»

«ስልሳ! ደግሜ ደጋግሜ ነው የነገርኩዎት፣ እሺ እሺ ሲሉኝ ነበር!»

ይኼ ሁሉ መድኃኒት ሊገዛ የተሰለፈ ሰው ፊት። አንዲት አሮጊት በሐዘኔታ አየችኝ። ከባለቤቷ ንዴት የአሮጊቷ ሐዘኔታ ባሰብኝ። ልኬት ስቼ አላውቅም! በልኬት ነው የምታወቀው! «የሱን በር ለመዝጋት ትንፋሽ ይበቃል» ይሉኛል ደንበኞቼ።

ስልኩ ነው። ስልኩ ነው ያዋረደኝ። ነገ አስረክባቸዋለሁ፣ የሚሰሙትን አሰማቸዋለሁ።

ጥር 20

ማን ማንን እንዳሰማ ልጻፍ።

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ወረወርኩት ማለት ይሻላል። «ድምፅ ያለው ስልክ አንድ እንኳ የላችሁም? ከሌላችሁ በር ላይ ጻፉና ሰው አታድክሙ!»

ሻጯ አልተቆጣችም። ይኼ ነው የበለጠ ያበገነኝ። «አንድ ነገር እንሞክር» አለች መሰለኝ፤ ስልኩን እጄ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ጠራ። አነሳሁት፣ እንደ ልማዴ በግራ ጆሮዬ። ቀኝ እጄ እርሳስ ይይዛላ፣ አርባ ዓመት እንዲያ ነው። ሽውታ ብቻ። ጭራሽ ቃል የለውም።

ከጓዳ ብቅ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ያዙሩት። በሌላው ጆሮዎ።

አዞርኩት።

«አባቴ፣ አሁንስ ይሰማል?»

ተሰማ። ጥርት አላለም፣ ግን ተሰማ። ቃል ነበረው።

ያው ስልክ። ያቺው ልጅ።

ተመልሳ መጣችና «የጆሮ ሐኪም...» ማለት ስትጀምር፣ «ስልክ ሻጭ ነሽ ወይስ ሐኪም?» ብዬ ጮህኩባት። ቀፎውን ትቼላት ወጣሁ።

ደንቆሮ አለችኝ። አላለችም። ግን አለችኝ።

ጥር 21

ጠዋት ገና ልብሴን ሳልቀይር የኤሌክትሪክ መጋዙ አጠገብ ቆምኩ። እግሬ የት እንደሚቆም አየሁ። ግራ ጎኔ ወደ መጋዙ። ሁልጊዜ ግራ ጎኔ ወደ መጋዙ።

ሬዲዮኑን አንስቼ ግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ዝንብ። ቀኜ ላይ አደረግኩት። አንድ ሰውዬ ስለ ኳስ ያወራል፣ ግማሹን ሰማሁት።

ስፖንጅን ጠየቅኩት።

«እኔ አልሰማም እንዴ?»

መርፌውን በጥርሱ እንደያዘ አየኝ። አወጣው።

«ሁለት ዓመት ሆነህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ። አልሰማኸኝም።»

ቀልዱን መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። የምሩን ነው።

ለካ ሁሉም ያውቃል። ልጄ ታውቃለች፣ ወንዱ ልጄ ያውቃል፣ ደንበኛው ያውቃል። ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ቀስ ብለው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲያናግሩኝ፣ እኔ ሰው ጨዋ እየሆነ መጣ እል ነበር! አለመስማቴ አይደለም ያናደደኝ። (ውሸት። እሱም ነው።) እንደሚሰበር ዕቃ ይዘውኝ መክረማቸው ነው። በለኛ! ግራህ ሞቷል በለኛ! ጻፍና ግድግዳ ላይ ለጥፍልኛ!

ስፖንጅን ከዚህ ቤት ውጣልኝ አልኩት። «ኪራዩን የምንከፍለው ሁለታችን ነን» ብሎ መስፋቱን ቀጠለ።

ጥር 22

አልሠራሁም። ከማንም ጋር አላወራሁም። ስልክም የለኝ። እሰይ።

ጥር 24

እህቴ መጣች።

ጣውላ እየለካሁ ነበር፤ ስፖንጅ ትከሻዬን ነካኝና ወደ በሩ አሳየኝ። ፒክአፕ መኪና ቆሟል። ከሹፌሩ ጎን እሷ፣ ሻርፗን ከአገጯ ሥር አጥብቃ ቋጥራ። አባባ ሲቆጣ የነበረውን ፊት ይዛ። ከኋላ ጠረጴዛው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

በሩን ተደግፋ እያነከሰች ወረደች። ጉልበቷን ያማታል። ለካ ያን ቀን የነገረችኝ ስለ ጉልበቷ ነው... ምን ጎረቤት አመጣው?

«እህት የለኝም አልክ፣ ወንድም ጋሼ?»

ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የጮኸችው። አንድም ቃል አልጠፋኝም።

«የአባባን ጠረጴዛ ልሸጠው ነው ስትዪኝ ምን ልበል?»

«ማን ሸጠው? ልሰጠው ነው አልኩህ!»

«ምን?»

«ልሰጠው! ለልጅህ! ቤት ሊገባ ነው፣ የሚበላበት የለውም፣ አያቱ የሠራው ይሁንለት ብዬ! ል... ሰ... ጠው! ሰ! ጎማ ሲተነፍስ እንዴት ይላል? ስስስስ!»

ጥርሷን ገጥማ ፊቴ ላይ ስስስ አለችብኝ። ምራቋ ነካኝ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

በአንድ ፊደል። እህቴን በአንድ ፊደል አባረርኳት። መልሳ መላልሳ የደወለችው ልታስረዳኝ ነበር፣ እኔ ስልክ አጠፋሁባት። ሹፌር ለምና፣ በዚያ ጉልበት፣ ግማሽ ቀን ተጉዛ አመጣችው።

ያልሰማሁትን ቦታ ሁሉ የሞላሁት እኔው ነኝ። ለምን በክፉ ሞላሁት? በደግ መሙላት አይቻልም ነበር?

«ጆሮዬ ነው» አልኳት። «ግራው ሞቷል። ቀኙም እየተከተለው ነው።»

ከዚያ ምን አለች... ይኼን ልጻፈው፦

«እንደ አባባ።»

«አባባ ምን ሆኖ ነበር?»

«መጨረሻ ላይ አይሰማም ነበር እኮ። አንተ ወጥተህ ነበር ያኔ፣ እኔ ነበርኩ ቤት። እራት ቀረበ ስለው ሰደብሽኝ ብሎ ይነሳብኛል።»

አባባ ሲያረጅ ከፋ ብዬ ነበር። ለልጆቼ እንኳ እንዲያ ብዬ ነው የነገርኳቸው፣ አያታችሁ መጨረሻው ላይ ክፉ ሆኖ ነበር ብዬ። አልከፋም። አይሰማም ነበር። ማንም አልነገረውም፣ እሱም ለማንም አልነገረም፣ ሁላችንንም ጠልቶን ሞተ... ወይ የጠላነው መስሎት።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ይቅር በይኝ!»

«አልሰማሁም» አለች፣ እየሰማች። ስጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ያኔ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ገባ።

ጥር 27

ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እህቴ ካልመጣሁ ብላ ተከተለችኝ።

ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉብኝ። ድምፅ ሲሰሙ ይቺን ይጫኑ ተባልኩ። ቁልፏን ይዤ ቁጭ። መቼ ነው የሚጀምሩት እያልኩ በሆዴ አማርራለሁ። በሩ ተከፈተና «ጨርሰናል» አሉኝ።

የሄደው አይመለስም አለ ሐኪሙ። ለቀኙ የመስሚያ መሣሪያ ያዝዝልኛል፣ የቀረውን እንጠብቀዋለን። «መጋዙ ሲጮህ ጆሮ መሸፈኛ አድርገው ያውቃሉ?» አለኝ። ማን ነግሮኝ? መጋዙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጣትዎን ይጠብቁ ይላል። በቀይ፣ ከነሥዕሉ። ስለ ጆሮ አንዲት ቃል የለችም። ጣቶቼ አሥሩም አሉ። እኔ ጠባቂ ነኝ፤ የነገሩኝን እጠብቅ ነበር። ማን ላይ ልጩህ አሁን? የፋብሪካው ሰውዬ የት እንዳለ ባውቅ በእግሬ እሄድ ነበር።

ስመለስ ለስፖንጅም ለራሴም መሸፈኛ ገዛሁ። «እኔ እኮ ሰፊ ነኝ» አለ። «ከመጋዜ ጋር አንድ ቤት ነህ፣ አድርግ» አልኩት። ኩርፊያችን በዚሁ አለቀ።

የካቲት 2

ብቻዬን ስልክ መሸጫው ሄድኩ። ሦስት ጊዜ በሩን አልፌ ተመለስኩ። ምን ብዬ ነው የምገባው?

ገባሁ። ወረፋዬ ሲደርስ እንዲህ አልኳት፦ «ግራው ሞቷል። ቀኙ ግማሽ ነው፣ የመስሚያ መሣሪያ ታዞለታል። ጣቴ መስታወት ላይ አይሠራም። የምደውለው ጥቂት ነው። አሁን ንገሪኝ፣ የቱ ይሆነኛል?»

ወንበር ሳብ አድርጋ ከባንኮኒው ወዲህ መጣችና በቀኝ በኩሌ ተቀመጠች። ጥያቄዋ ሁሉ ሌላ ሆነ። ሲደወል የት ሆነው ነው የሚሰሙት? መጋዝ እየሠራ? እንግዲያው ኪስ ውስጥ በደንብ የሚንቀጠቀጥ ይሁን፣ ሲጠራም መብራቱ ብልጭ የሚል። ድምፁ ጎኑ ላይ በቁልፍ የሚጨመር ይሁን፣ እያወሩ እንዲያሳድጉት። ቁልፎቹ ተራርቀው የተቀመጡ። መሣሪያው ሲመጣ ሞክረነው ካልተስማማው እንቀይረዋለን። አራት ቀፎ አወጣች፣ እየደወለች አራቱንም በቀኝ ጆሮዬ ሞከርን። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ሰው ሆነ። እሱን ወሰድኩ።

ከጥቅሉ ውስጥ ኢንተርኔቱን አወጣችው። ጥቂት ደቂቃ፣ ካልተጠቀሙበት ወደሚቀጥለው ወር የሚሻገር። መልእክት ግን ብዙ። «ደንበኞችዎ ልኬቱን በጽሑፍ ይላኩልዎት» አለች። ያን አላሰብኩትም ነበር። ስልሳ ተብሎ ከተጻፈ ማን ሃምሳ ያደርገዋል?

ከዚያ እንደገና ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ጥቅል ካለ መጀመሪያ ለምን ደበቅሽው? ኃላፊው እንዳለ ዞር ብላ አየችና፣ «ስሙን ጠርቶ ካልጠየቀ ለማንም አታሳዩ ተብለናል» አለች። የት አውቄ ነው ስሙን የምጠራው! ኃላፊውን አስጠርቼ ሰው ፊት ጠየቅኩት። በሩ ላይ አሁኑኑ ለጥፍ አልኩት። ከወረፋው ውስጥ አንዲት እናት «ለኔም እሱን ስጡኝ» አሉ። ከኋላቸው ሌላ ሰው። ኃላፊው ከረባቱን ማላላት ጀመረ። እኔ አንዳንዴ መጮሄ ጥሩ ነው።

ስወጣ፣ «ያን ቀን...» አልኳት ልጅቷን። ቀጥሎ ምን እንደሚባል ጠፋኝ።

«ምንም አይደል» አለች፣ ወደ ፊቴ ዞራ፣ ቀስ ብላ።

የካቲት 5

ጠረጴዛውን ወደ ወንዱ ልጄ አዲስ ቤት ወሰድነው። በበሩ አልገባም አለ። ልጄ እግሩን እንፍታው ቢል እጁን መታሁት። በሩን ከነማጠፊያው ነቀልኩት፣ ጉበኑን ላግኩት፣ ገባ። የቤቱ አከራይ መጥቶ ተንጫጫ። በግራ በኩሌ ስለቆመ ምንም አላልኩትም።

እህቴ ዛሬ ተሳፈረች።

የካቲት 11

መሣሪያውን ጆሮዬ ውስጥ አደረጉልኝ። ጉድ ነው! ወረቀት ይጮሃል። ጃኬቴ ይጮሃል። ሰጋቱራ ሲረገጥ ድምፅ አለው፣ ለካ።

ስፖንጅ ሲሰፋ ያፏጫል። ከመቼ ጀምሮ ስለው፣ ከጥንት ጀምሮ አለ። ሲያስጠላ! እንዲያቆም ነገርኩት። አሁን ደግሞ እሱ ነው አልሰማም ያለው።

የካቲት 14

የፋርማሲዋ ባለቤት ሌላ መደርደሪያ አዘዘች። ልኬቱ በመልእክት መጣ፣ ከነምልክቱ፣ ቁጥሩን በቃላትም ጽፋዋለች። ትንሽ ስድብ ይመስላል። ይሁን።

ማምሻውን ኪሴ ተንቀጠቀጠ። እህቴ። በቀኝ ያዝኩ። በስልክ ሲሆን በመሣሪያውም ሁሉም አይሰማም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኛል።

የሆነ ነገር አለች። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት።

«አልሰማሁም። ድገሚልኝ።»

ይኼን ቃል ለማንም ሰው ብዬ አላውቅም። ደገመች። መጋቢት ላይ የምትመጣ ይመስላል፣ ወይ የሚመጣ ሰው አለ...

«አሁንም አልሰማሁም።»

እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል። መጋቢት ላይ ልጁ ሲያገባ መጥታ ጉልበቷንም ለሐኪም ልታሳይ ነው፤ አልጋ አዘጋጅልኝ ነው የምትለው። ገባኝ። ግን አንድ ቃል አመለጠችኝ፣ የምትመጣው ከሠርጉ ሳምንት በፊት ነው ወይስ ሳምንት በኋላ? ድሮ ቢሆን መገመት ነበር።

«ከሳምንት ምን?» አልኳት።

ያኔ ሰደበችኝ። አንተ ደረቅ ግንድ፣ ሦስቴ ላስለፍልፍህ፣ ምናባቴ ላድርግህ አለች፣ እየሳቀች።

ስድቡን ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ሳቁንም።